ዕቃችሁን የት እንዳስቀመጣችሁ ለማስታወስ፦ ከአንድ የደሴ ብሎን ሱቅ የተወሰደ አሠራር

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ጓንጉል፣ የቧንቧ ዕቃ፤ ሲደመር 600 ዓይነት ያህል ነው። መብራት በጠፋ ሰዓት ደንበኛ መጥቶ «ባለ 10 ብሎን ከነዳዶው» ሲለኝ እጄን ልኬ አወጣለታለሁ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። «ይሄን ሁሉ እንዴት ታስታውሰዋለህ? እኔ የቤቴን ቁልፍ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምፈልገው።»

ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይጠይቀኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህን አንብብ ልለው ነው።

አብሽሩ፤ ጭንቅላታችሁ ምንም አልሆነም። እኔም ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሆኜ ቤት ስገባ መነጽሬን ስፈልግ የማመሽ ሰው ነበርኩ። የሱቁን አሠራር ወደ ቤት ከወሰድኩት ወዲህ ነው የተገላገልኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ስትጥሉ በስልክ እያወራችሁ ከነበረ፣ ቁልፉ የት እንደገባ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አልተመዘገበም። ማታ ላይ «ረሳሁት» ትላላችሁ። የምትረሱት ነገር ግን መጀመሪያውኑ አልነበረም። ስለዚህ ከታች ካሉት ስምንት ደረጃዎች የሚበዙት ስለ ማስቀመጥ ናቸው። ስለ መፈለግ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር ይህ ነው። ቦታን በመያዝ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል። በግራም በቀኝም ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። ዕቃውን ብቻውን አይዝም። ዕቃውን፣ ቦታውንና የዚያን ሰዓት ሁኔታ አንድ ላይ አስሮ ነው የሚይዘው። ከሦስቱ አንዱን ስታገኙ ሌሎቹ ተጎትተው ይመጣሉ። ደረጃ 3 እና ደረጃ 8 የተሠሩት በዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወይም ክዳን የሌለው ትንሽ ስፌት። ቀለሙ ደማቅ ይሁን።
- ሦስት ባለ 8 ምስማር ወይም የግድግዳ መስቀያ።
- ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረበት። ካልታሰረ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።
- ነጭ የቁስል ፕላስተርና ማርከር።
- ሁለት ግልጽ የፕላስቲክ ፋይል።
- ካሜራ ያለው ስልክ።
- አንድ ሥራ የሌለበት ከሰዓት፣ እና ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ትዕግሥት።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ፍለጋችሁን መዝግቡ

ደብተሩን በሦስት አምድ ክፈሉት። «ምን ፈለግኩ?»፣ «መጀመሪያ የት ፈለግኩት?»፣ «የት ተገኘ?»። ለሰባት ቀን ዕቃ በፈለጋችሁ ቁጥር አንድ መስመር ሙሉ። ምንም ነገር ገና ከቦታው አታንሱ። ቤቱን ሁሉ ካላገላበጥኩ የሚል ስሜት ይመጣባችኋል፤ ታገሱ።

ምን እንደሚጠፋብን የምናውቅ ይመስለናል እንጂ አናውቅም። እኔ በጣም የሚጠፋብኝ መነጽሬ ነው እል ነበር። ደብተሩ ሲታይ ግን መነጽሩ ሁለት ጊዜ፣ ሜትሩ ዘጠኝ ጊዜ ነው የተፈለገው። ሜትር ሲጠፋ ስለማልናደድ አልታወቀኝም።

በሳምንቱ መጨረሻ ደጋግማችሁ የፈለጋችኋቸውን አምስት ዕቃዎች ምረጡ። አምስት ብቻ። ሃያውን በአንዴ ልማድ አደርጋለሁ ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ሲተው አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ለአምስቱም ቤት ስጧቸው

ሁለተኛውን አምድ ተመልከቱ። መጀመሪያ የፈለጋችሁበት ቦታ የዕቃው ቤት ይሁን።

ሜትሬ አንዴ ፍሪጅ ላይ፣ አንዴ አልጋ ሥር፣ አንዴ ባጃጅ ውስጥ ተገኝቷል። እኔ ግን መጀመሪያ የምሮጠው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ወዳለው መስኮት ነበር። ስለዚህ ቤቱ መስኮቱ ሆነ። ጭንቅላታችሁ ማንም ሳያዘው «እዚያ ነው» ብሎ የሚገምተው ቦታ ነገም ያው ነው። ዕቃውን ወደ ግምቱ ውሰዱት። ብዙ ሰው የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ለዓይን ደስ የሚል ቦታ ይመርጥና እዚያ መፈለግን ለራሱ ሊያስተምር ይደክማል።

ቤቱ ሦስት ነገር ያሟላ። በአንድ እጅ የሚደረስበት ይሁን፤ ክዳን መክፈት ወይም ሌላ ዕቃ ማንሳት ካለበት በጥድፊያ ሰዓት ትዘሉታላችሁ። ቆማችሁ የሚታይ ይሁን። መንገዳችሁ ላይ ይሁን፤ ቁልፍ በሩ አጠገብ፣ መነጽር ከምታነቡበት ወንበር ጎን። ምስማሮቹና ደማቁ ሳህን የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ኪስ ለብቻው ልናገር። ደሴ ብርድ ናት። ሰው ሹራብ ላይ ጃኬት፣ ጃኬት ላይ ካፖርት ይደርባል። አንድ ሰው ላይ አሥር ኪስ ትቆጥራላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ሙቀት ነው። ካፖርቱ ይወልቃል፤ ወይ የመኪና ወንበር ላይ ይቀራል፣ ወይ ፔስታል ውስጥ ይታጨቃል። ማታ ደሴ ተመልሳችሁ በራችሁ ላይ ቆማችሁ ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ። ቁልፍ የለም። ይህ እኔ ላይ ሦስት ጊዜ ደርሷል። አሁን ቁልፍ ከሱሪዬ ቀኝ ኪስ በቀር ሌላ ኪስ አይገባም። ሱሪ መንገድ ላይ አይወልቅም። ቀሚስ የምትለብሱ፣ አንድ ቦርሳ ምረጡና ከቦርሳው አንድ ኪስ ምረጡ። እናቶቻችን ገንዘብ መቀነታቸው ላይ የሚቋጥሩት በዚሁ ብልሃት ነው፤ መቀነት ከወገብ አይለይም።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሩት

«ጠረጴዛ ላይ» በቂ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጥ ነገር የለም። «ጠረጴዛው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ» በሉ። ትልቅና የማይነቃነቅ ነገር ሲኖር ቦታ ለመያዝ ይቀላል፦ በር፣ መስኮት፣ ቆጣሪ፣ ግድግዳ። የገጠር ቤት ከሆነ ምሰሶው፣ መደቡና የጓዳው መግቢያ ይበቃሉ።

እኛ ደሴዎች ሌላም ምልክት አለን፤ የጦሳ ተራራ። ሱቅ የሚያግዘኝን ልጅ ሳዘው «ጦሳ በኩል ያለው መደርደሪያ፣ ከላይ ሁለተኛው» እለዋለሁ። ቀኝና ግራ ፊታችንን ባዞርን ቁጥር ይቀያየራሉ፤ ጦሳ አይዞርም። እናንተም ካላችሁበት የሚታየውን ተራራ ወይም ሐይቅ ተጠቀሙ።

ከቤት ውጪ ስትሆኑ ምልክታችሁ ራሱ የሚሄድ ነገር እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ የተዋስኩትን ፒክአፕ ከአንድ ቀይ አይሱዙ ጎን አቆምኩ። «ቀዩ አይሱዙ» ብዬ ይዤ ሄድኩ። ከሰዓት ስመለስ አይሱዙው ጭኖ ሄዷል። በዚያ ሁሉ ሕዝብና ግመል መሃል አንድ ሰዓት ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ምልክቴ የመስጊድ ሚናራ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ትልቅ ዛፍ ነው።

አንድ ነገር ጨምሩበት። መኪናውን ወይም የታሰረውን አህያ ትታችሁ ስትሄዱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃችሁ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ እዩ። ስትመለሱ የሚገጥማችሁ ያ ፊት ነው። እየሄዳችሁ ያያችሁት ሌላኛው ጎን ስትመለሱ አያግዛችሁም።

ደረጃ 4፦ ቁሙ፣ እዩ፣ ተናገሩ

ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን አትተዉ። ዕቃው ከእጃችሁ በሚወጣበት ቅጽበት፦

ሀ. ቁሙ። እጃችሁ ገና ዕቃው ላይ እያለ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አትነቃነቁ። ለመሄድ የተነሳ ሰው ልቡ ከእግሩ ቀድሞ ይወጣል።

ለ. እዩ። ዕቃውንና አጠገቡ ያለውን ምልክት በአንድ እይታ ያዙ። ዕቃውን ብቻ ካያችሁ ዕቃው ትዝ ይላችኋል፤ ቦታው አይመጣም።

ሐ. ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። «መነጽሬን ቴሌቪዥኑ ጎን፣ በግድግዳው በኩል አደረግኩት።» በልብ ከተባለው ይልቅ በአፍ የወጣው ይበልጥ እንደሚታወስ በሙከራ ተደጋግሞ ታይቷል። አፋችሁ ይሠራል፣ ጆሯችሁ ይሰማል፤ ለኋላ የሚይዙት መያዣ ይበዛል።

ሁሉም ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ልጆቼ በመጀመሪያው ሳምንት «አባ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ይሳቁ።

የሚከብደው ሁለት ነገር በአንዴ ሲመጣ ነው። ቁልፉን ልትሰቅሉ ስትሉ ስልክ ይጠራል። ይጥራ። ስልኩ የሚነሳው ቁልፉ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እንግዳ በር ላይ ሲቆም ግን «ቆይ» ማለት አይቻልም፤ ወሎ ውስጥ እንግዳ ደጅ አይቆምም። ያን ጊዜ ዕቃውን እንደያዛችሁ ሂዱ። ሰላምታው እስኪያልቅ ከእጃችሁ አይውጣ። ሰላምታችን ደግሞ እንደምታውቁት ቶሎ አያልቅም፤ ቢሆንም ያዙት።

ደረጃ 5፦ ዕቃው ብዙ ከሆነ ቦታውን ትታችሁ ደንቡን ያዙ

ይህ ሱቅ፣ ጋራዥ ወይም ትልቅ ጓዳ ላላችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ 600 ቦታ አላስታውስም። የማውቀው ሦስት ደንብ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ከትንሽ ወደ ትልቅ። ቀላሉ ላይ፣ ከባዱ ታች። አብረው የሚሸጡ አብረው ይቀመጣሉ፤ ብሎኑ፣ ከሥሩ ዳዶው፣ ከሥሩ ሮንዴላው። ስለዚህ ባለ 8 ብሎን የት እንዳለ ስትጠይቁኝ አሰላዋለሁ፤ ከባለ 6 ቀጥሎ፣ ከባለ 10 በፊት። በጨለማ እጄን የሚመራው ይህ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ በልቡ መያዝ የሚችለው አራት ነገር ያህል ነው። ሦስት ደንብ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ 600 ቦታ አይገባም።

ጓዳም እንዲሁ ነው። የቡናው ሁሉ አንድ ቦታ፦ ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦት፣ ሙቀጫ፣ እጣን። የወጡ ሁሉ ሌላ ቦታ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እርድ፣ ኮረሪማ። «እጣኑ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ እንኳ ጀበናውን ሲያይ ራሱ ያገኘዋል።

ፕላስተሩን ቆርጣችሁ ስሙን በማርከር ጻፉና መደርደሪያው ላይ ለጥፉት። ጣሳው ላይ ብቻ አትለጥፉ። ጣሳው ከቦታው ሲነሳ ስሙም አብሮት ይሄዳል። መደርደሪያው ላይ ከሆነ ባዶው ቦታ «የእርድ ጣሳ የኔ ነው» እያለ ይጠብቃል። ባዶ ቦታውንም በሌላ ዕቃ አትሙሉት።

ደረጃ 6፦ የሚደበቅና ለወራት የሚቀመጥ ዕቃ

ከቁልፍ ይልቅ ሰውን የሚያስለቅሰው ይህኛው ነው። የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የባንክ ደብተር፣ ወርቅ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙዎቻችን ቤታችንን ቆልፈን ወጣን። እኔ ከመውጣቴ በፊት የቤቴን ካርታና የሱቁን ፈቃድ አንድ ቦታ ደበቅኩ። ማንም የማይገምተው ቦታ መርጬ ነው። ስንመለስ ቤቱ ተገለባብጧል። ወረቀቶቹን ፍራሽ ውስጥ ፈለግኩ፣ ኮርኒስ ላይ ፈለግኩ፣ የዱቄት ጆንያ ሳይቀር ዘረገፍኩ። ተወስዷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ወደሚመለከተው ቢሮ ለመሄድ ማመልከቻ ማጻፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ የተበላሸውን የድሮ ራዲዮ ልትጥል ስታነሳው ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። የኋላ ክዳኑን ፈትቼ ከስፒከሩ ጀርባ ነበር የከተትኩት። ማንም አይገምተውም ብዬ ነበር፤ እኔም አልገመትኩትም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ዩጂን ዊኖግራድና ሮበርት ሶሎዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የሚለውም ይህንኑ ነው። ሰው ዕቃውን ያልተለመደ ቦታ ሲያስቀምጥ «ይህማ አይረሳኝም» ይላል። ሲፈተን ግን ለዕቃው ከሚመጥን ቦታ ይልቅ ያልተለመደውን የባሰ ይረሳዋል። ዕቃውና ቦታው በሐሳብ የማይገናኙ ከሆነ አንዱ ሌላውን አይጎትትም። ካርታና ራዲዮ ምን ያገናኛቸዋል?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. ለዋና ዋና ወረቀቶች በሙሉ አንድ ቦታ ብቻ ይኑር። ሁለት መደበቂያ ያለው ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል።
2. ወረቀቱን ግልጽ ፋይል ውስጥ ክተቱ። የደሴ ክረምት እርጥብ ነው፤ ወረቀት ይሻግታል። ግልጽ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ውስጡን ሳትከፍቱ ታዩታላችሁ።
3. ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ዕቃውንና ቦታውን ከሁለት ምልክት ጋር ጻፉ። «ቁም ሳጥን፣ ታችኛው መሳቢያ፣ በስተኋላ በግድግዳው በኩል።» ስለ ወርቅና ገንዘብ ግን ደብተር ላይ አትጻፉ።
4. አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ። ወስዳችሁ አሳዩት፤ ቢቻል እጁን አስነኩት። በአፍ ብቻ የነገራችሁትን እሱም ይረሳዋል።
5. ከራቅ ብላችሁ ፎቶ አንሱ። ፋይሉ ብቻውን ከተነሳ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ቁም ሳጥኑና በሩ አብረው ይግቡ።
6. በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥታችሁ መልሱት። ለአረፋ ወይም ለገና ቤት ስታጸዱ ይመቻል። አውጥታችሁ ያያችሁት ነገር ትዝታው ይጠነክራል፤ ሳይነካ የከረመ ይደበዝዛል።

ደረጃ 7፦ ቦታ ስትቀይሩ

አሮጌው ቦታ ቶሎ አይለቃችሁም። እጃችሁ ለሳምንታት ወደ ድሮው ምስማር ይሄዳል። ትናንት መኪና ያቆማችሁበት ቦታ ዛሬ ካቆማችሁበት ጋር የሚደባለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕቃውን ስታዛውሩ ሁለቱንም ቦታ አንድ ላይ ተናገሩ። «ከመስኮቱ አነሳሁት፣ በሩ ጀርባ ሰቀልኩት።» አሮጌው ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ «በሩ ጀርባ» ብላችሁ ጻፉ። ፕላስተሩን ሳታነቡ በቀጥታ ወደ አዲሱ ስትሄዱ አንሱት። እኔ ጋ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ ከሆነ ሳትነግሩት አታዛውሩ። ይህ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ እናትና አባት ነው። እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ቤቷን የምታውቀው በእጇ ነው። የኛ «ላስተካክልልሽ» ለእሷ ዕቃ ማጥፋት ነው።

ደረጃ 8፦ ጠፍቶ ስትፈልጉ

1. ተቀመጡ። እየተሯሯጠ የሚፈልግ ሰው ያየውን ቦታ ሦስቴ ያያል፣ ያላየውን ይዘለዋል።
2. ለመጨረሻ ጊዜ እጃችሁ ላይ የነበረው መቼ ነው? ከዚያ ጀምራችሁ ተርኩት። ምን ለብሳችሁ ነበር? ማን መጣ? ቡናው አቦል ላይ ነበር ወይስ ቶና ላይ? ሁኔታው ሲመጣ ቦታው አብሮ ይመጣል።
3. ካልመጣ ያን ጊዜ ወደነበራችሁበት ክፍል ሂዱና በዚያው ወንበር ተቀመጡ። አንድ ነገር ልታመጡ ጓዳ ገብታችሁ ምን እንደነበር የጠፋባችሁ ጊዜ አለ አይደል? ወደ ሳሎን ስትመለሱ ትዝ ይላችኋል። ይህም እንደዚያው ነው።
4. ለዕቃው ከሰጣችሁት ቤት ጀምሩና በአንድ ክንድ ዙሪያ ያለውን ሁሉ በእጃችሁ እያነሳችሁ እዩ። ዓይን ብቻውን አይበቃም። ብዙውን ጊዜ ዕቃው እዚያው ነው፤ ጋቢ ተጥሎበት ወይም ከኋላ ወድቆ ነው።
5. ስሙን እየጠራችሁ ፈልጉ። «ፒንሳ፣ ፒንሳ።» ስሙ ሲጠራ ዓይን መልኩን ይዞ ይሄዳል።
6. ያያችሁትን ክፍል ጨርሳችሁ ዝጉት። ተመልሳችሁ አትግቡበት።
7. ሩብ ሰዓት ካለፈ ተዉት። ሌላ ሥራ ስትይዙ ብቻውን ትዝ ይላችኋል። ስለት የምትሳሉም ከሆነ እስከዚህ ቆዩ።

ማስጠንቀቂያ

የቤት ሠራተኛን ወይም ልጅን «ማን ወሰደው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማን አየው?» በሉ። ሱቅ የሚያግዘኝን ልጅ በአንድ ፒንሳ የተነሳ ሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። ፒንሳው የኋላ ኪሴ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ ሳየው አፍራለሁ።

መድኃኒት ከዋናው ማሸጊያው አውጥታችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ አትክተቱ፤ ልጅ ከሚደርስበትም አርቁት። ከዓይን እንዳይጠፋ ብላችሁ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አታድርጉት።

ቁልፍ ላይ ስማችሁን ወይም የቤት ቁጥራችሁን አትጻፉ። የኤቲኤም የሚስጥር ቁጥር ደብተሩም ውስጥ፣ ስልኩም ፎቶ ውስጥ አይግባ።

ቁልፍ መርሳት ሁሉም ላይ ያለ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ቤተሰባችሁ ግን ዕቃን ጨርሶ በማይሆን ቦታ፣ ለምሳሌ ስልክን ምጣድ ላይ፣ ደጋግመው ማስቀመጥ ከጀመሩ፣ ደግሞም እርምጃቸውን ወደ ኋላ ቆጥረው መፈለግ ካቃታቸው፣ ይህ መመሪያ አይበቃም። ሐኪም ይያቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

«ለጊዜው እዚህ ላድርገው።» ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ለጊዜው የተቀመጠ ዕቃ ቤት የለውም፣ ማንም ቆሞ አላየውም፣ ማንም አልተናገረለትም። «ለጊዜው» ሲመጣባችሁ ወይ ቤቱ ውሰዱት፣ ወይ ከእጃችሁ አትልቀቁት።

ሳህኑን የሁሉ ማጠራቀሚያ ማድረግ። ቁልፍ ሊገባበት የተቀመጠ ሳህን በወሩ ሳንቲም፣ ባትሪ፣ ደረሰኝና ቁልፍ አልባ ጓንጉል ይሞላል። በየዓርቡ አራግፉት።

ፎቶ አንስቶ መተማመን። ስልኩ ውስጥ 4,000 ፎቶ ካለ ያን ፎቶ መፈለግ ራሱ ሌላ ፍለጋ ነው። ለብቻው አልበም ክፈቱለት።

ሁለት ቀን ሠርቶ መፈተሽ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጡት፤ ከዚያ ማታ መብራት ሲጠፋ ፈትሹት። ከተቀመጣችሁበት ተነስታችሁ ያለ ስልክ መብራት ሻማውንና ክብሪቱን አምጡ። እጃችሁ በመጀመሪያው ካገኛቸው ቤታቸው ልክ ነው። መዳበስ ካስፈለጋችሁ ጠዋት ደብተሩን አውጡና መጀመሪያ የዳበሳችሁት የት እንደነበር ጻፉ። ሻማው ከነገ ጀምሮ እዚያ ይቀመጥ።